ልጄን ጡት የነሳሁባቸው አሥራ ሁለት ቀናት

በቀደም ሰፈራችን ያለው ጤና ጣቢያ የነፍሰ ጡሮች ስብሰባ ላይ ተናገሪ ተባልኩ። «ልጇን ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠባች እናት» ብለው አስተዋወቁኝ፤ ተጨበጨበልኝ። እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ ስለ ጡቴ ሕመም፣ ስለ ሆስፒታሉ፣ ወተቴ ሄዶ እንዴት እንደተመለሰ አወራሁ። ቤቴ ስገባ ግን ራሴን ታዘብኩት። የተናገርኩት ለጭብጨባ የሚመቸውን ግማሽ ነው። ያኛውን ግማሽ በአፌ ለማውጣት ስላፈርኩ ልጽፈው ተቀመጥኩ። የምታነቢው እህቴ፣ ብትፈርጂብኝም አልቀየምሽም።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ቡታጅራ ገበያው ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ነገሩ የሆነው ባጃጅ ከተማችንን ማጥለቅለቅ በጀመረበት ሰሞን ነው። ባለቤቴ ነስሩ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ጫማ ይነግዳል፤ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው፤ አረፋ ሲሆን ግን ሰማይ ቢደፋ አይቀርም። የመጀመሪያ ልጃችንን ኢምራንን ስወልድ እናቴ በሕይወት ስላልነበረች አራስ ቤት ሊያስታምሙኝ የመጡት የነስሩ እናት ናቸው። እማማ ሩቂያ እንላቸዋለን። ከእንሴኖ ወዲያ ካለው ገጠር አንድ ቅል ቅቤና አንድ እስር ቆጮ ይዘው መጡ። ፊደል አልቆጠሩም፤ አማርኛቸውም እንደ እኛ አይፈጥንም።

ገና ልጁ ከመወለዱ ተጣላን። እሳቸው እንደ አገሩ ደንብ ጣታቸውን ቅቤ ነክረው ሊያስልሱት ቀረቡ። እኔ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽኗ ያስተማረችኝን ሸምድጄዋለሁ፤ አሥረኛ ክፍል የጨረስኩ ነኛ! «እማማ፣ ቅቤ አይሰጠውም! የመጀመሪያው ወተት እንገሩ ነው መድኃኒቱ» ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። አዩኝ፣ ልጁን አዩ፣ ጣታቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«አንቺ ተምረሻል። እሺ» አሉ። በቃ። ከዚያ በኋላ ቅቤውን ለእኔ እንጂ ለልጁ አላሉም። ይህን በደንብ ያዢልኝ፤ ቅቤ ያስላሱ፣ እንገር ያስጣሉ ሴት አልነበሩም። እኔ አልኳቸው፣ እሳቸው ሰሙኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ አልሐምዱሊላህ፣ ወተቴ ሞልቶ ልብሴን ያርስ ነበር። ልጁ ጉንጩ ሞላ። ችግሩ አረፋ መድረሱ ነው። እኛ አገር አረፋ ሲደርስ ልብስ ሰፊ እንኳን አራስ ሆና ሞታም አትተውም። ከአዲስ አበባ ሰው ይጎርፋል፣ ልጅ ሁሉ አዲስ ልብስ ይለብሳል፣ ጨርቁን በፌስታል ጠቅልሎ ደጄ ላይ የሚቆመው ብዙ ነው። በወለድኩ በሃያ ሰባተኛው ቀን አንዷ ደንበኛዬ መጥታ «ዘንድሮ ለሌላ ሰፊ ልስጠው እንዴ?» አለችኝ። ቅናት ይሁን ስስት እንጃ፣ በማግስቱ ተነስቼ ሱቄን ከፈትኩ። አረፋ አሥራ ስምንት ቀን ቀርቶት ነበር።

«አርባ ቀን አልሞላሽም» አሉኝ እማማ ሩቂያ።

«እማማ፣ ይሄ የድሮ ነገር ነው» አልኳቸው። ምላሴ መቼም አያርፍ።

መጀመሪያ ልጁን በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ አዝለው ሱቅ ድረስ ያመጡልኝ ነበር። ሱቄ ደግሞ መተላለፊያ ላይ ነው፤ ወንድ ይገባል፣ ወንድ ይወጣል፣ ግራና ቀኙ ጨርቅ ሻጭ ነው። በዚያ መሐል ጡቴን ማውጣት አፈርኩ። «ቆይ እማማ፣ ይቺን ኮሌታ ልጨርስ» እላለሁ። ኮሌታው ያልቅና እጅጌው ይመጣል። ልጁ እያለቀሰ ሌላ ልብስ እጀምራለሁ። በሦስተኛው ቀን «ባክዎ እዚህ አያምጡት፤ ሰው ፊት ያሳቅቀኛል» አልኳቸው።

ነስሩ ለወንድ ልጁ ክብር ብሎ ከመርካቶ የቆርቆሮ ወተት ልኮ ነበር። ሳጥን ላይ አስቀምጬው እንግዳ ሲመጣ የማሳየው ነገር ሆኖ ነበር። እሱን ከፈትኩት። ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ጡጦ ሁለት በጥብጬ አስቀምጣለሁ። ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን አንብቤዋለሁ፣ ማንኪያውን ስንት ስንት እንደሚል አውቃለሁ፤ ግን ቶሎ እንዳያልቅ ብዬ አሳንሼ አቀጥነዋለሁ። ጠዋት የተበጠበጠው እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ይቀመጣል። እሳቸው «ልጁ የላም ነው እንዴ?» ብለው ሁለት ቀን ሙሉ ጡጦውን አልይዝም አሉ። ተቆጥቼ አስያዝኳቸው።

በአምስተኛው ቀን ግራ ጡቴ ላይ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነገር ዳሰስኩ። ማታውን አንቀጠቀጠኝ። ጥርሴ ይንገጫገጫል፣ ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ። እማማ ሩቂያ ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አሸተቱኝ፣ በግንባሬም ቀቡኝ። ጠዋት ሲብስብኝ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ወረፋ ጠብቄ ስገባ የመረመረኝ ወንድ ነው፤ ያውም ወጣት። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማት አልኩት። ጡቴን ግን አላነሳሁም። እንዴት ብዬ! ለነስሩ እንኳን በስልክ አልነገርኩትም። ደሜን አስመረመረና «ታይፎይድ ነው» አለኝ። ፈረደበት እንጂ እኔ ከደበቅሁት ከየት አምጥቶ ይወቅ? የምወስደውን መድኃኒት ሲጽፍልኝ አራስ መሆኔን ነገርኩት፤ «እንግዲህ ይህን እየወሰድሽ ባታጠቢው ይሻላል» አለኝ።

እዚህ ላይ ነው መናገር ያቃተኝ የመጀመሪያው ነገር። ይህን ሲለኝ ደስ አለኝ። ወላሂ፣ ደስ አለኝ። ጡቴ ሲነካ እሳት ነው፤ ሱቁ ሥራ ሞልቷል፤ አሁን ሐኪም ራሱ አታጥቢ ብሎኛል። ማን ይወቅሰኛል? ከክሊኒኩ የወጣሁት ሸክም እንደወረደላት ሴት ነው። ቤት ገብቼ ደረቴን በሻሽ ጥፍር አድርጌ አሰርኩና ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥራ ሁለት ቀን ልጄ ጡት አላየም።

እማማ ሩቂያ በሁለተኛው ቀን «ጡትሽን ፍቺው፣ ያመመሽ ግራው ነው፣ ቀኙን ስጪው» አሉኝ። ሐኪም ከልክሎኛል አልኳቸው። በአራተኛው ቀን ልጁን ተቅማጥ ጀመረው። ጎረቤታችን ሰሚራ የሦስት ወር ሴት ልጅ ነበረቻት። እማማ ሩቂያ እሷን ለምነው መጡ። «ሰሚራ ታጥባዋለች። ልጅቷ የጡት እህቱ ትሆናለች፣ አይጋቡም፣ ሌላ ምን ይጎድላል?» አሉኝ።

«ሰሚራ ‹ገበያ ለገበያ እየዞረች ልጇን ማጥባት አቃታት› ብላ ልታማኝ ነው? አልፈልግም!» ብዬ ጮህኩ። ሰሚራ እንዲህ የምትል ሰው አይደለችም። እንዲህ የምለው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ቁልፍ ረስቼ ቀን ላይ ቤት ብመለስ እማማ ሩቂያ አልጋው ጠርዝ ተቀምጠው ልጁን አቅፈውታል። የእሳቸውን ጡት ይዟል። ስድሳ የተጠጉ ሴት ናቸው፤ ምን ወተት አለ? ጡጦውን እየተፋ ሲያለቅስባቸው ዝም እንዲል የሰጡት ነው። ልጁ ይስባል፣ ይለቃል፣ ደግሞ ይስባል። በሩ ላይ ቆሜ ሳያቸው በድንጋጤ መሸፈን እንኳን አቃታቸው። ማዘን ነበረብኝ፤ እኔ ግን «ይሄ ነው የቀረዎት!» ብዬ ነጠቅኳቸው። አስተግፊሩላህ። ዛሬም ትዝ ሲለኝ የት እንደምገባ አላውቅም።

የአረፋ ዋዜማ በእኛ የሴቶች አረፋ ነው። ሴቱ ጎመንና አይቡን፣ ቅቤውን አዘጋጅቶ የሚደሰትበት ቀን ነው። የመጨረሻውን ቀሚስ አስረክቤ ሱቄን ስዘጋ ግራ ጡቴ ጠቁሮ፣ ብብቴ ድረስ አብጦ እጄ አልነሳ ብሎ ነበር። ቤት ስደርስ እማማ ሩቂያ ደጅ ላይ ቆመው ነው ያገኘኋቸው። ልጁን በነጠላ ጠቅልለዋል። ገለጥ አድርጌ ሳየው ዓይኑ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ እርግብግቢቱ ጎድጉዷል፣ ቆዳውን ቆንጠጥ ሳደርገው እንደተቆነጠጠ ይቀራል። አያለቅስም። ያስፈራኝ አለማልቀሱ ነው።

ባጃጅ ይዘን ሆስፒታል ሄድን። ካርድ ክፍሉ በሰው ተሞልቷል። እኔ ቆሜ መጠበቅ አልቻልኩም፤ ግድግዳው ሥር ተቀመጥኩ። ከአረቅጥ ድረስ የታመመ አባቷን ይዛ የመጣች ሴት ከፊት ተሰልፋ ነበር። ልጁን አየችና ምንም ሳትጠይቅ እማማ ሩቂያን ክንዳቸውን ይዛ በቦታዋ አቆመቻቸው፣ እሷ ከኋላ ተሰለፈች። ስሟን አልጠየቅኳትም። አላህ ይስጣት።

ልጁን ወዲያው አስገቡት፤ ጉሉኮስ ሰኩለት። ሐኪሙ የእኔን ጡት ደግሞ አየና «ይሄ የጡት ውስጥ ቁስል ነው፤ ወተት ሲታቆር ይቆጣል፣ ከቆየ መግል ይቋጥራል። ስንት ቀንሽ ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። አደንዝዞ ከፈተው፤ የወጣውን መግል አላወራውም። ደግሞ ምን አለኝ? «ማጥባት ባታቆሚ ኖሮ እዚህ ባልደረሰ።» እኔ የማጥባት ሕመም ነው ያልኩት ለካስ የአለማጥባት ነው።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ።

የሕፃናት ክፍሏ ነርስ ጎበዝ ግን ቁጡ ሴት ናት። ስድስት ሰባት እናቶች ልጅ ልጃቸውን አቅፈው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ደረቴ በፋሻ ታስሯል፣ እማማ ሩቂያ ከአጠገቤ ቆመዋል፣ ነጠላቸው ጭቃ ነክቶታል። ነርሷ ከፌስታላችን ጡጦውን አወጣች፣ አገላብጣ አየችው፣ አሸተተችው።

«ምንድነው ይሄ? ውኃ ነው እኮ! ይሄን ማን በጠበጠው?»

እናቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ከዚያ አፌ ተከፈተና «አያቱ ናቸው» አልኩ።

ነርሷ ወደ እማማ ሩቂያ ዞረች። ልክ የሌለው ቁጣ አወረደችባቸው። «ማንበብ ካልቻሉ የተማረች ልጅ ቤት ውስጥ አለች አይደል? ቅቤም አስልሰውታል አይደል? እንገሩንም አስጥለዋል! ስንት ልጅ ነው በእናንተ የሚያልቀው?»

እኔ «ኧረ እሱንስ አላደረጉም» ማለት እችል ነበር። ቢያንስ ስለ ቅቤው። አላልኩም። እማማ ሩቂያ አንዴ ብቻ ወደ እኔ አዩ። ከዚያ መሬት መሬቱን እያዩ «አጥፍቻለሁ ልጄ። አላወቅሁም» አሉ።

«ከአሁን ወዲያ የልጁን የወተት ኩባያ እንዳይነኩ!» አለቻቸው።

አመሻሹ ላይ ነስሩ ከአዲስ አበባ ደረሰ። ቀጥታ ሆስፒታል ነው የመጣው። ነርሷ የሆነውን ነገረችው፤ ማለቴ እኔ የነገርኳትን። እናቱን ኮሪደር ላይ «ልጄን ልትገድዪብኝ ነበር!» ሲላቸው አልጋዬ ድረስ ተሰማኝ። በአረፋ ዋዜማ፣ ለእናቱ። ልጣራ አልኩ። ድምፄን ግን አላወጣሁም።

ነርሷ እኔን እንደ ልጇ ያዘችኝ። ትከሻዬን እየደባበሰች «አይዞሽ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ጡት ወተት የሚሠራው ሲጠባ ነው። ደርቆም ይመለሳል፤ ብቻ አትዘኚ፣ በየሁለት ሰዓቱ ስጪው» አለችኝ። ሕፃኑ ባዶ ጡት እንዳይሰለቸው የሆስፒታሉን ወተት በመርፌ አልባ ስሪንጅ ጡቴ ላይ ጠብ ጠብ ታደርግለታለች፤ እሱ ወተቱ ከእኔ የመጣ እየመሰለው ይስባል። በመጀመሪያው ቀን ምንም። በሁለተኛው ቀን ምንም። በየሁለት ሰዓቱ «ዛሬም የለም?» የሚሉኝ እናቶቹ ናቸው። ልጄ እኔን አምኖ ባዶ ጡት ሲስብ እንባዬ ፊቱ ላይ ይንጠባጠባል፤ ነርሷ ደግሞ «እንዳታለቅሺ አላልኩሽም?» ትለኛለች።

እማማ ሩቂያ አረፋን የዋሉት በሆስፒታሉ ግቢ ልብሳችንን ሲያጥቡ ነው። ኩባያ አይነኩም። ልጁን አያቅፉም። አጥሚት ሠርተው በፔርሙስ አምጥተው በሩ ላይ ይሰጡኛል፣ «ጠጪ፣ ትኩስ ነው» ይላሉ፣ ይመለሳሉ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያንኑ። ነስሩ አላናገራቸውም።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ኢምራን ሲለቅ ከቀኙ ጡቴ ጫፍ ላይ አንዲት ነጭ ጠብታ አየሁ። ጫን ሳደርገው ሌላ መጣ። ጮህኩ መሰለኝ፤ ክፍሉ ሁሉ እልል አለ። እማማ ሩቂያ በሩ ላይ ፔርሙስ ይዘው ቆመው ነበር። ፔርሙሱን ከውጭ አስቀምጠው ገቡ፣ ጎንበስ ብለው ጠብታዋን በደንብ አዩ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። በማግስቱ ጠዋት ወደ አገራቸው ሄዱ።

ግራ ጡቴ በሦስት ሳምንት ዳነ፤ ጠባሳው አለ። ከሁለቱም አጠባሁት። ሱቄ ጥግ ላይ መጋረጃ አንጠለጠልኩ፤ ደንበኛ ሲመጣ «ቆይ፣ ልጄን ላጥባ» እላለሁ፤ ማንም ጥሎኝ የሄደ የለም። ለዚያ መጋረጃ የወጣው ሁለት ሜትር ቁራጭ ጨርቅ ነው። ስንት ነገር ያስቀርልኝ ነበር!

ኢምራን ወፈረ፣ ዳዴ አለ፣ ሮጠ። በሚቀጥለው አረፋ ነስሩ እናቱ ዘንድ ጠዋት ሄዶ ከሰዓት ተመለሰ። አላደረም። ለአረፋ እናቱ ቤት የማያድር ልጅ በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። በሁለተኛውም እንዲሁ። ሥጋና ስኳር ልኮ ዝም። ጎረቤቶቻቸው «ምን አድርገሽው ነው?» ሲሏቸው ምን እንደመለሱ አላውቅም። እኔ በየጊዜው ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ ዛሬ ደክሞታል፣ ዛሬ ደስ ብሎታል ምን ልረብሸው፣ ዛሬ ተቆጥቷል እያልኩ ሁለት ዓመት አለፈ። አንዴ የዋሸሽው ነገር በየቀኑ እንደ አዲስ ያዋሽሻል።

ልጄን ጡት ባስጣልኩት ሳምንት አልቻልኩም። በእንሴኖ የገበያ ቀን ልጁን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩና ገጠር ድረስ ሄድኩ። እማማ ሩቂያ ከቤታቸው ጓሮ እንሰት ሥር ሲኮተኩቱ አገኘኋቸው። ኢምራንን ሲያዩ መኮትኮቻው ከእጃቸው ወደቀ። እኔ እግራቸው ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ያዙኝ።

«እማማ፣ ያን ቀን ዋሸሁብዎ። በእርስዎ ላይ አላከክሁ። ለምን ዝም አሉ? ለምን አልተናገሩም? እሷ ናት ቢሉ ምን ነበረበት?»

አፈር የነካ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። አልተቆጡም። ገበያ ላይ ዶሮ ስንት እንደሆነች የሚነግሩኝ ይመስል በረጋ ድምፅ ነው የመለሱልኝ።

«ሴትዮዋ ስትቆጣ ፊትሽን አየሁ። ቁጣው አንቺ ላይ ቢወርድ፣ ነስሩም አንቺን ቢጮህብሽ፣ ታዝኛለሽ። ያዘነች ሴት ወተት አይመጣላትም። እኔ ላይ ቢወርድ ምን ይሆናል? እኔ ጋ የሚሄድ ወተት የለም።»

ያን ቀን እንዳለቀስኩት በሕይወቴ አልቅሼ አላውቅም። ኢምራን ግራ ገብቶት ቀሚሴን ይጎትታል። እሳቸው አነሱትና ታቀፉት፤ በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ይጠባል ገና?» አሉኝ።

«አስጣልኩት እማማ። ባለፈው ጁምዓ።»

«አስጣልሽው?» ልጁን ወደ ደረታቸው ጠጋ አደረጉት። «እንግዲያ አሁን ንገሪው። እኔም ልጄ ናፍቆኛል።»

እዚያው እንሰቱ ሥር ቆሜ ስልኬን አወጣሁ። ነስሩ «ምነው፣ ደህና ናችሁ?» አለ። ደህና ነን አልኩት። እናትህ ቤት ነኝ አልኩት። ጡጦውን የበጠበጥኩት እኔ ነኝ አልኩት።